አባቴን ውርጌሳ የወሰድኩበት ቀን

መርሳ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አባቴን ይዤ ውርጌሳ ሄድኩ። በወጣትነቱ በሰፈራ ወደ ወለጋ ከሄደ ወዲህ የተወለደበትን መንደር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ወለጋ ነው። ተፈናቅለን ከመጣን ወዲህ መርሳ ዳር፣ እንደኛው ከወለጋ ከመጡት ጋር ተጠጋግተን ቤት ተከራይተናል።

የአጎቴ ልጅ አሊ ደጁ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፤ ምሳም አበላን። ከዚያ አባቴ ወደ እርሻው እያየ፣ "አውድማችን እዚያ ዋርካው ሥር ነበር" ሲል የአሊ ፊት ጠቆረ።

"አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ የመጡት ለመሬቱ ነው?"

"ወላሂ አይደለም! የእናቴ ቀብር ላይ ዱዓ ላደርግ ነው።"

"እንግዲያው ሽማግሌዎች ባሉበት ይሁን። ለዛሬ ይመለሱ።"

ቀብሩን ሳናይ ተመለስን። ወለጋ ሳለን "ወሎዬዎች፣ አገራችሁ ግቡ" እንባል ነበር። እዚህ ደግሞ ገበያ ላይ አፌን ስከፍት "ወለጌዋ መጣች" ይሉኛል። ታዲያ የምንገባው ወዴት ነው?

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቶቻችን ደጅ ቆመው ይጠብቁናል። እነሱም ዘመዶቻቸውን ለመፈለግ የእኛን ወሬ ነው የሚጠብቁት። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገና ቀስ ብሎ በኦሮምኛ፣ "በደስታ ተቀበሉን በያቸው" አለኝ።

እንዳለኝ ነገርኳቸው።