እማዬ ለቱቦዋ የሰፋችው እጅጌ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለምናፍቅሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ሥራስ እንዴት ይዞሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? ይህን ስጽፍልሽ እማዬ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ሸለብ አድርጓታል። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ሳቂብኝ እንጂ አትቆጪኝ። ሆስፒታሉን ወደድኩት። እማዬ በካንሰር ታማ ሳለ እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እዚያ ያየሁትን ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

እማዬ በስልክ «ክር» እያለች የምትነግርሽ ነገር ቀጭን ቱቦ ነው። በግራ ክንዷ ገብቶ፣ በደም ሥሯ ውስጥ ተጉዞ፣ ልቧ አጠገብ ይቆማል። አስቢው፣ ልቧ አጠገብ! መድኃኒቱ ትንሽ ደም ሥር ያቃጥላል፤ ስለዚህ ብዙ ደም ወደሚፈስበት ይወስዱታል። ክፋቱ፣ ይህ በሽታ ደምን ቶሎ ያረጋል፤ ቱቦ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው የምትከታተላት ነርስ፣ ሲስተር፣ በየሳምንቱ በሲሪንጅ የጨው ውሃ የምትሰድበት። ዝም ብላ አትገፋውም። ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ፣ ቆም ታደርጋለች፤ ውሃው እየተሽከረከረ የቱቦውን ውስጥ እንዲያጥበው ነው። መጨረሻው ላይ እየገፋች ሳለ መቆለፊያውን ትዘጋዋለች፤ ደም ተመልሶ እንዳይገባበት። እሷ እስክትጨርስ እኔ አልተነፍስም።

እማዬ መቼም ሥራ ሳትፈጥር አትውልም። ቱቦው እንዳይነቀል ብላ ከትምህርት ቤት ቀሚሴ ላይ ቀድዳ እጅጌ ሰፋችለት፤ እሷን ላስታምም ትምህርት ስላቋረጥኩ ቀሚሱ ለጊዜው አያስፈልገኝም። ላይና ታቹን ላስቲክ አስገባችበት። ልክክ ያለ፣ የሚያምር እጅጌ ነው። ክንዷንም እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ትውል ጀመር። ባለፈው ሳምንት ሲስተር ስታየው መጀመሪያ ስፌቱን አገላብጣ አደነቀች። ከዚያ አውልቃው፣ «እናቴ፣ ይሄ እጅ ጡረታ ወጣ እንዴ?» አለቻት። እማዬም «ክሩ እንዳይበጠስብኝ ብዬ ነዋ!» አለች። ሲስተር ሳቀች። ላስቲኩ ደም ሥሩን አንቆ ደሙን እንደሚያዘገየው፣ የማይንቀሳቀስ ክንድም ለመርጋት እንደሚመች ነገረቻት። «ፀጉርዎን ያበጥሩበት፣ ጨርቅዎን ይዘርጉበት። ከባድ ነገር ብቻ እንዳያነሱበት» አለቻት።

ለማንኛውም ብላ ወደ አልትራሳውንድ ላከችን። እኔም አብሬ ገባሁ። የእማዬ ደም ሥር ስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ታየኝ። ባለሙያው መሣሪያውን ጫን ሲያደርገው ክቡ እንደ ዓይን ጭፍን አለ፤ ሲለቀው ተከፈተ። «እንዲህ ከተጨፈነ የረጋ ደም የለበትም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሲነካ ድምፅ መጣ። ሽው... ሽው... ሽው። የእማዬ ደም ነው! ሳንወለድ በፊት አንቺም እኔም ይሄንን እየሰማን ነው የተኛነው አልኩ በልቤ። እንባዬ መጣ። ባለሙያው የፈራሁ መስሎት «ደህና ናት እኮ» አለኝ። ፈርቼ አልነበረም።

ዛሬ ግን ፈራሁ። ማታ እጇን ስትታጠብ የግራ ጣቷ ቀለበት አልወጣ አላት። ክንዷ ከቀኙ ወፈር ብሏል፤ ትከሻዋን ስነካትም ፊቷን አጨማደደች። «ሙቀቱ ነው» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ለሲስተር ትንፍሽ ብትይ ወዮልሽ። ክሩን ነቅለው መድኃኒቴን ያቋርጡብኛል፤ የቀረኝ ሁለት ዙር ነው» አለች። ሲስተር ደሙ ቢረጋ እንኳ ቱቦው ሁልጊዜ እንደማይነቀል፣ ለሱም መድኃኒት እንዳለው፣ ብቻ ክንዷ ካበጠ እንዳንደብቃት ነግራናለች። እማዬ ያኔ ሰምታለች፤ አላመነችም።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ሱቅ ልከሽኝ ባለሱቁ ዞር ብሎ ካላየኝ ባዶ እጄን የምመለስ ነኝ። ሲስተርም ስሜን ትታ «ዝምተኛዋ» ነው የምትለኝ።

እህቴ፣ ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ልፋትሽን ይቁጠርልሽ፤ በደህና ያገናኘን። ነገ ቱቦው የሚታጠብበት ቀን ነው። ሲስተር ሲሪንጁን ከማንሳቷ በፊት፣ እማዬ ዓይኗን እያፈጠጠችብኝም ቢሆን፣ «ሲስተር፣ መጀመሪያ ክንዷን ይዩልኝ» እላታለሁ። ጮክ ብዬ።

ታናሽሽ