ከወንበርህ ሥር የገቡት ባምብልቢዎች

ታድዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ስንት ጊዜ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ከስምህ ማለፍ አቅቶኛል። ዛሬ ግን የምነግርህ አለኝና እጄ አልቆም አለኝ። ባምብልቢህን፣ ያቺን ስትፈልጋት የኖርካትን ትልቅ ንብ፣ አገኘኋት! እኔ፣ ንብ ባየሁ ቁጥር ቤት ገብቼ በር የምዘጋዋ ሚስትህ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ናሆም ፎርት ዎርዝ ከተማ ሥራ ይዟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜስኪት ድረስ እየመጣ ሣሩን ያጭድልኛል። እንዳንተ አጥብቆ አይላጨውም። ጓሮ፣ አጥሩ ጥግ ያለችውን ወንበርህን ግን ሊነካት አልደፈረም፤ ማጨጃውን በዙሪያዋ አዙሮ ያልፋል። እኔም አንሳት አላልኩትም። እንዲህ እንዲህ ሲል ሣሩ ከሥሯ አድጎ መቀመጫዋን አለፈ። የአጥር ማዶው ጎረቤት ማጉረምረም ሲጀምር ናሆም ጨነቀው። "ማሚ፣ ኔበሩ ሲቲው ጋ ኮል ካደረገ በሣሩ ፋይን ያስከፍሉናል፤ ሶ፣ የዳዲን ወንበር ጋራዥ እናስገባው" አለኝ። ስንት አሰብኩና እሺ አልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ባዶዋን ማየት ደክሞኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ሳይደርስ ራሴ ላነሳት ወጣሁ። መደገፊያዋን ስይዝ ሣሩ ውስጥ የሆነ ነገር ጥዝዝ አለ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። ከሥሯ ቢጫና ጥቁር የሆነች ወፍራም ንብ ወጣች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ልሮጥ ስል ያ ትምህርትህ ትዝ አለኝ። ጀርባዋ መላጣና የሚያብለጨልጭ ከሆነ እንጨት የምትበሳዋ ናት፣ ባምብልቢ ግን እስከ ታች ፀጉራም ናት ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ መላጣ ስትል የራስህን አናት እያየሁ እስቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፀጉራም ናት ታድዬ! እስከ ታች ፀጉራም!

ስንቱን ቅዳሜ ነው ይህን ጓሮ እንደ ምንጣፍ አስተካክለህ ስታበቃ፣ ካሜራህን አንግተህ ባምብልቢ ፍለጋ ሌዊስቪል ድረስ የነዳኸው? አንተ የዱር ሱፍ መሃል ተንበርክከህ፣ እኔ ሳንድዊችህን ይዤ ከኋላህ ቆሜ። ቤት ገብተን ስናየው ፎቶው ሁሉ ወይ መላጣዋ ናት ወይ ብዥ ብሏል። ለካ ቤት የምትሠራበትን ሣር እያጨድክ የምታባርራት አንተው ነበርክ! ይህ ሲገባኝ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ፤ አጠገቤ ሆነህ እንድታያት ፈልጌ ነው።

ሮጬ ካሜራህን አመጣሁ። አንተ ሁልጊዜ የምትረሳትን፣ የቅርብ ነገር አጥርታ የምታነሳዋን፣ የአበባ ሥዕል ያለባትን ቁልፍ ተጭኜ፣ አንተ የዘራኸው በሶብላ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ዘንድሮ ማንም ሳይዘራው ራሱ በቅሎ አብቧል። አንዷ መጥታ ስታርፍበት ቅርንጫፉ ጎበጠ። እግሮቿ በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆነዋል። ትንፋሼን ውጬ አነሳኋት። ጥርት ብላ ወጣች፤ ከኋላዋ የወንበርህ እግር ይታያል።

ናሆም ማጨጃውን እየገፋ ሲመጣ ፊቱ ቆምኩበት። ካሜራውን ከፍቼ ፎቶውን አሳየሁት። አተኩሮ አየና ወደ ወንበሯ ዞረ። "ኦኬ ማሚ፣ እዚሁ ትቆይ" አለ፤ ድምፁ ልክ ያንተን መሰለኝ። ጎረቤቱንም ራሱ ሄዶ አስረዳው። ሰውየው አሁን አጥሩ ላይ ተደግፎ ንብ ያያል፤ ሥራም የለውም መሰለኝ።

ብርድ ሲገባ ጎጆው ይበተናል፣ የሚተርፉት አዳዲሶቹ ንግሥቶች ብቻ ናቸው ብለኸኝ ነበር። ይበተን። ቢመለሱም ባይመለሱም ያቺን ጥግ አላሳጭድም፤ አንተንም በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ወንበርህ በንቦቹ ተይዛለች፣ ሰው አይቀመጥባትም። ስለዚህ የኔን ከቤት አውጥቼ ከጎኗ አድርጌያታለሁ።

ያንተዋ አልማዝ