ለዳኛ የተለቀመ የበርበሬ ዘር

ይድረስ ለእታለሜ ወይኒቱ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ያ ጥቁር ካባሽ ያሞቃል ወይስ ጋቢ ልላክልሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ስልኩ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው። ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት፤ በፊደሌ እንዳትስቂ።

እኔ ዘጠነኛን ሁለቴ ብማር ሰነፍ ተባልኩ፤ አንቺ የዘር ሳይንሱን ትተሽ እንደገና ሕግ ብትማሪ ጎበዝ። ጎረቤታችን አያ ገብረሰንበት ሥራሽን ጠይቀውኝ፣ ይህን ማን ቀድሞ አገኘው እየተባለ በፓተንት ክርክር ትቆማለች አልኳቸው። «ዘርን የፈጠረ እግዜር፤ ታዲያ ማንን ከማን ታሟግታለች?» አሉኝ።

አሁን ቧልቱ ይብቃ። የላክንልሽን ዘር ለዳኞቹ እንዳታሳዪ።

ሥሩ የማይበሰብሰውን በርበሬ እኔ አገኘሁት የሚለውን ኩባንያ የምትረቺው ከእሱ ቀድሞ በነበረው የአባባ አሮጌ ዘር እንደሆነ ጽፈሽልን ነበር። ዘሩ ያለበት ቅል እንደተደፈነ ይላክ፣ ሦስት ሰው አልተነካም ብሎ ይፈርም አልሽ። አባባ ግን ከፈቱት። «ልጄ በባዕድ ዳኛ ፊት የምትዘረጋው ዘር እንዲህ የተጨማደደ ይሁን?» ብለው ከእማማ ጋር የበሬ ቆዳ ጀንዴ ላይ ሁለት ቀን ሲለቅሙ ዋሉ። ጠቋቁሩን ለዶሮ በተኑት። ቅሉ ሲጎድል ደግሞ ጎዶሎ መላክ ነውር ነው ብለው፣ አምና ከቡሬ ካመጣነው የፓኬት ዘር ሞሉበት። ለእሳቸው ይህ መንካት አይደለም፤ ዘር ማሰናዳት ነው።

መሪጌታ ወንዳወቅ፣ አያ ገብረሰንበትና እኔ ፈረምን። እነሱ አባባን አምነው ነው። እኔ ግን አይቻለሁ። እየሳቅሁ ፈረምኩ።

እሽጉ በሄደ በሳምንቱ የፓኬቱን ቅዳጅ ከአጥር ሥር አገኘሁት። ላዩ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ስም ከደብዳቤሽ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት። ያው የምትሟገቺው ኩባንያ ነው። የራሱን ዘር በአባታችን ቅል ላክንልሽ። ሲመረመር እንደሚለይ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሌባ ናት ይሉሻል። ንጹሑ ዘር ደግሞ እዚህ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ፓኬት ከዞረ ቆየ።

ለአባባ ነገርኳቸው። አምና ወይኒቱ ደምበጫ ደርሳለች ብዬ በከንቱ ጠላ ያስጠመቅኋቸውን አንስተው፣ ሂድ ወዲያ አሉኝ። ደግሜ አልነገርኳቸውም።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። ዘሩን ለቀልድ የቀላቀልኩት እኔ ይታገሱ ነኝ ይላል። ውሸት ነው፤ ግን የሚያውቀኝ ሁሉ ያምነዋል። እሽጉን ቀድመሽ ለዳኞቹ አስገብተሽ ከሆነ፣ ከሁለቱ ወረቀት የትኛውን እንደምታወጪ አንቺ ታውቂያለሽ። የአባባን ስም ብቻ አደራ።

እማማ ጉንጭሽን ስመውሻል። ታናሻችን ንጋት ስምንተኛን አልፋ ዘጠነኛ ገብታለች፤ እንደኔ እንዳትሆን ምከሪያት። መሪጌታ በጸሎት ያስቡሻል። አባባ በጣም ሰላም ብለውሻል፤ ዳኞቹ አይተው ሲጨርሱ ዘሩን መልሺልኝ፣ ለግንቦት የችግኝ መደብ ይደርስልኛል ብለዋል።

ወንድምሽ ይታገሱ
ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.