ዘመም ያለው መቅደስ

ሴድሪክ ወዳጄ፣

ዝናብ አባርሮኝ ከገባሁባት የሰፎክ ገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ አግዳሚ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው የምጽፍልህ። ጣሪያዋ የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ስትገባ፣ ጣሪያው ላይ ከእንጨት የተቀረጹት መላእክት በብርሃኑ ውስጥ የሚዋኙ መሰለኝ፤ እኔም አብሬያቸው መንሳፈፍ ጀመርኩ። ከዚያ ዓይኔ መቅደሱ ላይ አረፈ። ሰውዬ፣ ጠማማ ነው! ምእመናን ከሚቀመጡበት አዳራሽ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ዘሟል።

«ሲገነቡት ሰክረው ነበር እንዴ?» አልኳቸው ቁልፍ ያዥዋን ወይዘሮ ቲምብልን።

«ሰካራምስ አንተ!» አሉኝ እየሳቁ። «ጸሎት እንዳይታጎል ብለው አዲሱን መቅደስ በአሮጌው ዙሪያ ገነቡት። አሮጌው መሃል ቆሞ የመለኪያ ገመዱን በየት በኩል ይወጥሩት? እሱ ሲፈርስ ጉዱ ወጣ። እኛ ግን ጌታችን በመስቀል ላይ አንገቱን ዘንበል ያደረገው ነው እንላለን። ይኸው ሰባት መቶ ዓመት፣ አንድም ሰው አፍርሱት አላለም።»

የኛዋ ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ያለች ናት። እሷን እያየህ ስላደግህ መሰለኝ፣ የገነባኸው አጥር አራት ጣት ዘመመ ብለህ ግንበኝነት በቃኝ ያልከው። የሰቀልከውን የጭቃ መምረጊያ ካዙላ አውርደው እባክህ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ለእናትህና ለባለቤትህ ለሜብል ሰላምታዬ ይድረስ፤ ለውሻህም። ይሄ የመጨረሻው መስመር ወደ ጥጉ መዝመሙን አይቻለሁ። እንዳለ ይሂድ።

ያንተው ኔድ