ስልሳ ሚሊ

ለልጄ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ይዞሻል? እዚያ ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታነሺና ስታነጥፊ ውለሽ፣ ቤትሽ ስትገቢ ደግሞ ልጃችንን ማገላበጥ እንደሚጠብቅሽ አውቃለሁ። እህትሽ ጎን ለጎን መኖሯ በጀ እንጂ ብቻሽን አትችዪውም ነበር። እኔን ከጠየቅሽኝ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖም ይዞራል። ከዚያ ያለፈውን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛው ላይ መሐሉ ስደርስ አቃተኝ። አመስግነሽኛል። "ያ ሁሉ የሰው አፍ እያለ አልከለከልካትም፤ በገዛ እጅህ ሠርተህ ሰጠሃት። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ክፉህን ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ" ብለሻል። ከልብሽ እንደጻፍሽው ስለገባኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስድብሽን ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ይህን ምስጋና ግን አንድ ሳምንትም መሸከም አልቻልኩም።

ከስድስት ዓመት በፊት ጥለሽኝ ስትሄጂ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? "አንተ ሰውዬ እምቢ ማለት አታውቅም፤ እሺ ትልና ታበላሸዋለህ" ነበር ያልሽኝ። የስፌት መኪናሽን ነገር ማንሳትሽ ነበር። ቤት ሆኜ ልስፋ ስትዪኝ እሺ አልኩ፤ አጽድቼ ላስተካክልልሽ ብዬ ፈታሁት። ዓመት ሙሉ ካርቶን ውስጥ ተበታትኖ ተቀመጠ። በጠየቅሽኝ ቁጥር ዕቃ ጠፋ እልሽ ነበር። አንድም የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ያኔ አምኜልሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ልጃችን ዳንሱን እንዴት እንደጀመረች በደንብ የምታውቂ አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተር ፊት ጎብጣ ስትውል ጀርባዋ እየደረቀ አስቸገራት። ሐኪሙ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ ሲላት አንዷ የሥራ ጓደኛዋ ጂም ወሰደቻት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የቆመውን ብረት ያየችው እዚያ ነው። ጨብጠውት ይወጣሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቀው እግራቸውን ይዘረጋሉ። ከወራት በኋላ የራሷን በስልኳ አሳየችኝ። ያ የክንዷ ጥንካሬ፣ ያ ትንፋሽ አያያዟ አባትን የሚያኮራ ነበር። እኔ ግን ያየሁት አጭር ቁምጣዋን ብቻ ነው። ዓይኔን መለስኩና "ጎበዝ" አልኳት።

ወሬው ወርክሾፕ ደረሰ። "ላሜራ" የምንለው አንድ ከሲታ በያጅ አለ፤ አፉ እንደ ግራይንደር ነው፣ ከተነሳ ሳይቆርጥ አይመለስም። አንድ ቀን ምሳ ላይ "እኛ ብረት ስንበይድ ዓይናችን ጠፋ፣ የዚህ ሰውዬ ልጅ ደግሞ ትጨፍርበታለች አሉ" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የዚያን ቀን ምሳዬን አልጨረስኩም።

ብዙም ሳይቆይ ልጅሽ መጣች። ውድድር ተመዝግባለች፣ ጂሙ ሩቅ ነው፣ ቤት የምለማመድበትን ብረት አንተ ሥራልኝ አለችኝ። እንዳንቺው ነገር ስለማትዘል ሁሉንም በወረቀት ጽፋ፣ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ውፍረቱ አርባ አምስት ሚሊ ይሁን አለች። ሃምሳ የሚጠቀሙ አሉ፣ እሱ ግን እጀ ትልቅ ለሆነ ነው። የሷ እጅ ያንቺው እጅ ነው፣ የሕፃን የሚያህል። አውራ ጣቷ ዞሮ ከመሐል ጣቷ ጋር ካልተገናኘ ጭብጡ እንደማይቆልፍ በክንዴ ላይ አሳየችኝ። ክሮም የተቀባው ጥሩ ይይዛል፣ ግን ከሥሩ ኒኬል አለበት፤ በርካሽ ጉትቻ ጆሮዋ እንዴት እንደሚያብጥ አንቺ ታውቂያለሽ። ስቴንለስ ለቆዳዋ ይሻላል፣ ነገር ግን መዳፏ ላብ ስለሚያበዛ ያዳልጣታል። ዱቄት ቀለም የተጋገረበትም አለ፣ እሱ ደግሞ አጥብቆ ስለሚይዝ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ናስ ይሁንልኝ አለች፤ ናስ በሰው እጅ ሲሞቅ ይይዛል። ከወረቀቱ ሥር "አባዬ፣ ብዙ አታወልውለው" ብላ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ናሱ ነበረኝ። አርባ አምስት ሚሊ፣ ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአንድ ባንክ ደረጃ ላይ የተነቀለ የእጅ መደገፊያ፤ ዓመት ሙሉ ወርክሾፑ በር ኋላ ቆሞ ነበር። ውስጡን በብረት ቱቦ ሞልቼ ብሰጣት የልጅ ልጅ የማይጨርሰው ይሆን ነበር። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ናሱን ቆርጬ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ መስቀያ ሠራሁላት።

ለልጄ ከስቴንለስ ቱቦ ቆረጥኩ። ስልሳ ሚሊ። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስሬ አወለወልኩት። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ እስከ ልስልሱ፣ ከዚያም በጨርቅና በማወልወያ፣ ፊቴ ቁልጭ ብሎ እስኪታይበት ድረስ። ላሜራ እንኳን ቆሞ አይቶ "ይሄስ የሙሽራ ጌጥ ነው" ብሎ አደነቀኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደሱ ያማረ ነገር ከእጄ አልወጣም።

ትውደቅ ብዬ አልነበረም። እመኚኝ ብዬ አልለምንሽም፣ ግን አልነበረም። እንዲያዳልጣት፣ እንዲያሰለቻት፣ በሳምንት በአሥር ቀን "ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም" ብላ ራሷ እንድትተወው ነው። እኔ ያቃተኝን እምቢ ብረቱ እንዲልልኝ ነው።

አተካከሉ ላይ ግን አላሾፍኩም። ላዩን ከጣሪያው ወራጅ ጋር በአራት ብሎን፣ ታቹን ከወለሉ ጋር አሰርኩት። እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም። ከአደጋው በኋላ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ነቅነቅ ያደርገውና "ጥብቅ ነው እኮ፤ አንተ ምን ታደርግ፣ ዕድሏ ነው" ይለኛል። አንድም ሰው ስለ ውፍረቱ ጠይቆኝ አያውቅም።

የተከልኩ ቀን መጥታ ጨበጠችው። ጣቶቿ አልተገናኙም። እጇን አነሳች፣ መልሳ ጨበጠች። "ወፈር አለብኝ መሰለኝ፣ አባዬ" አለች። ገበያው ላይ ያለው ይሄ ብቻ ነው፣ ትለምጂዋለሽ አልኳት። አንገቴን አቅፋ አመሰገነችኝ።

አልተወችውም። አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ሥራ ከመሄዷ በፊት ብረቱንም መዳፏንም በአልኮል ጠርጋ ትሰቀል ነበር። እኔ ሳሎን ጫማዬን እያሰርኩ ድምፁን እሰማለሁ፤ ሽቅብ ሦስት ጊዜ ትስባለች፣ ከዚያ ቆዳዋ እየተንጫጫ ወደ ታች ይወርዳል። እንደገና ትነሳለች። ጭኗና ክንዷ በልዞ ነበር። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን "ጂም ውስጥ የማልሠራው ነገር የለም፣ እዚህ ስሆን ግን ግማሹን አልችለውም። እጄ ሰነፈ መሰለኝ" አለችኝ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር፣ በማግስቱ ነቅዬ ሌላ ብተክል፣ ዛሬ በእግሯ ትሄድ ነበር። "በርቺ" ብዬ ስኳሩን አቀበልኳት።

እሑድ ከቀትር በኋላ ነው የሆነው። እኔ ደጅ የተሰበረ የባልዲ እጀታ አስተካክላለሁ። ለውድድሩ ያዘጋጀችውን፣ ተዘቅዝቃ በአንድ እጇ የምትይዘውን ነበር የምትሠራው። ሙቀት ነበር። ያ የቆዳ መንሸራተት ድምፅ መጣ፣ ግን እንደ ሌላው ቀን መሐል ላይ አልቆመም። ገብቼ ሳያት ፍራሹ ላይ ግማሽ፣ ወለሉ ላይ ግማሽ ሆና ተንጋላለች። ዓይኗ ተከፍቷል። አላለቀሰችም። "አባዬ፣ እግሬን አጣጥፈኸዋል እንዴ?" አለችኝ። እግሯን አልነካሁትም ነበር፤ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። "አይ ልጄ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ነው ያየነው። ሐኪሙ አከርካሪዋን በሥዕሉ ላይ ሲያሳየን አንቺ ክንዴን ይዘሽ ነበር። ስትወስጃት መኪናው ውስጥ እኔ አቅፌ አስገባኋት፤ አንቺም "አይዞህ" አልሽኝ። አይዞህ መባሌ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት የዳንስ አስተማሪዋ ቤት መጣች። ወጣት ናት፣ ሥርዓት ያላት። የልጃችንን ፎቶ ልታደርስ ነው የመጣችው። ክፍሉን ልየው ብላ ገባችና ብረቱን ጨበጠችው። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። "ማነው ስልሳ ያደረገው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ፣ ገበያ ላይ ሌላ አልነበረም አልኳት። ውሸት ከለመደ እንዲህ ሳይጠሩት ይመጣል። እሷም "ቤት ያለው ወፍራም ነው ስትለኝ በዚያ አትሥሪ ብያት ነበር። አባቴ በእጁ የሠራው ነው፣ ሌላ ባስገባ ቅር ይለዋል አለችኝ" አለች። ከዚያ ያንን የቅባት ነገር አነሳሁላት፤ አንቺ በደብዳቤሽ "ልጃችን ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ጠዋት ቅባት ተቀብቼ ሳልታጠብ ወጣሁ ብላኛለች" ያልሽውን። አስተማሪዋ አላመነችኝም። "እሷ? እሷ እኮ ልምምድ ባለበት ቀን ቅባት አጠገቧ አታደርስም፤ ሌሎቹን የምትቆጣውም እሷ ናት" አለች። አልተከራከርኳትም። እኔም በአራት ወር ውስጥ ከዚያ ክፍል የአልኮል እንጂ የቅባት ሽታ አሽትቼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ምስኪን፣ ልታጽናናኝ ነው። "ልጅዎ እኮ የውድድር ልብሷን እኔ ጋ ነበር የምታሰፋው። ያን እርስዎ የሠሩልኝን የናስ መስቀያ እንዴት እንደወደደችው! በመጣች ቁጥር ልብሱን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ትጨብጠዋለች። መቼ ነው የሠራልሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀኑን ነገርኳት። ከዚያ በጨርቅ ሜትሬ ዙሪያውን ለካችና ሳቅ አለች" አለችኝ። መቼ ነበር ይሄ አልኳት። ልጃችን ከመውደቋ ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሁለት ወር፣ የልጄ እናት። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ምሳዬን ቋጥራልኛለች። ጉንፋን ሲይዘኝ ሎሚ ጨምቃልኛለች። በየማለዳው ደግሞ ያንን ብረት ጠርጋ ትሰቀልበት ነበር።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምትደገፍበት ብረት ሥራላት፣ እንዳንተ ያለ ባለሙያ ከየት አገኛለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ካነበብሽ በኋላ ለሌላ ሰው ብትሰጪው እጅሽን አልይዝም። ና ካልሽኝ ግን ሥራውን ከዚህ ሠርቼ አላመጣም፤ መሣሪያዬን ይዤ እመጣና እዚያው፣ እሷ እያየች፣ እጇን ለክቼ እሠራለሁ። ቤቴ አትግባ ካልሽኝም ደጅ ሆኜ ሠርቼ እመለሳለሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩሽም፤ ብጠይቅሽ እሺ ትዪኛለሽ ብዬ እፈራለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። እሷን የምታነሺበትን ክንድሽን አያዝለው። ለልጃችን የነገውን ቀን ከዛሬው ያቅልላት፤ ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእሷ ይጨምርላት።

ደብዳቤውን ላንብብላት ወይስ ልደብቃት ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ። ከሦስታችን ሳታውቂ የቆየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

የልጅሽ አባት