ከሰባተኛው ጉድጓድ በታች

እሑድ፣ ጃንዋሪ 5
ገንዳው ዛሬም ግማሽ ነው። ሽንኩርቱን አጠጣሁ። ለስንዴው አልተረፈም። ጎረቤቶቼም ያው። ከመሬት በታች ውሃችን የሚመጣበት ዋሻ ተንዷል ማለት ነው። የት? አውቃለሁ... ወደ ዋሻው ከምንወርድባቸው ጉድጓዶች ከሰባተኛው በታች። ባለፈው ኤፕሪል እኔ ላይ የተናደበት ቦታ። ሁለት ሰዓት እዚያ ታፍኜ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7
አጎቴ ሐሙ ቤት ድረስ መጣ። ሰባ አልፎታል፤ አሁንም ዋሻውን አብረን ለምንቆፍረው ለእኔና ለላህሰን ከላይ ገመድ የሚይዘው እሱ ነው።
«ባርካ፣ ያን ክፍል ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።»
«ወገቤን አሞኛል።»
«ወገብህን...» ሻዩን ጨርሶ ሄደ።
ሚስቴ መሱዳ ብርጭቆዎቹን እያነሳች፣ «ትናንት ጆንያ ዱቄት ሲሸከም ደህና ነበር ወገብህ» አለች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9
ላህሰን ብቻውን ወርዶ ቆፈረ። የተሳሳተ ቦታ። ሲወጣ በሰው ፊት፣ «ባርካ፣ የሚስትህን ነጠላ ላምጣልህ? ቤት ለሚውል ሰው ይመቻል» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?
የስንዴው ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 10
ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ማን አየኝ? ፍየሎች።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11
ወረድኩ።
ግማሽ መንገድ ላይ እግሬን ግድግዳው ላይ ተከልኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። «አውጣኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ገመዱ አልተንቀሳቀሰም።
«ምን አስፈራህ?» አለ አጎቴ ሐሙ ከላይ።
«ሁሉም ነገር!»
«ሁሉም ነገር የሚባል የለም። አንዱን ንገረኝ፤ አወጣሃለሁ።»
ሰደብኩት። በልቤ አይደለም፣ በአፌ። ገመዱን እንደያዘ ጠበቀኝ። ከዚያ...
«ከራሴ በላይ ያለው ድንጋይ።»
«ንካው።»
ነካሁት። አይነቃነቅም።
«ሌላስ?»
«በግራ በኩል አፈሩ ረጥቧል።»
«በመዶሻ ምታው።»
መታሁት። ድምፁ ባዶ ነው። ከኋላው ተቦርቡሯል።
እንዲህ እያልን ታች ደረስኩ። ስድስት ነገር ነገርኩት። አራቱ ከንቱ ፍርሃት፣ ሁለቱ እውነት። ልቤ እስከ መጨረሻው ሲደልቅ ነበር። ግን ፍርሃቴ ሥራ አገኘ።
ከዚያ አወጣኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13
የተቦረቦረውን በተምር ግንድ ደገፍነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ላህሰን ተነጫነጨ፤ «በዚህ አያያዝ ውሃው ለልጅ ልጆቻችን ይደርሳል።» ባንደግፈው ይወድቅ ነበር? አላውቅም። ማን ያውቃል?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16
ጠዋት ሻዩን ደፋሁት። መሱዳ አየች። ጠረገችው።
ሄድኩ። እያንዳንዱን ነገር እየጠራሁ ወረድኩ። ጣሪያው። ግራው። የግንዱ እግር። ከቀትር በኋላ ናዳውን ጨርሰን ጠረግን። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ...
ሦስት መደብ ስንዴ ሞቷል። የቀረው ይተርፋል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2
አጎቴ ሐሙ ትከሻውን አሞት ቀረ። «ገመዱን ባርካ ይያዝ» ብሎ ልኳል። ላህሰን ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ወረደ። አሥራ አንደኛው ጉድጓድ። ትናንትም እዚያው ነበር የዋለው።
«ምን ይታይሃል?» አልኩት።
«ምንም።»
«ጣሪያውስ?»
«ምንም የለም አልኩህ! ላይ ቆመህም ትፈራለህ እንዴ?»
«አዎ። ምንም ካልታየህ ውጣ።»
ሰደበኝ። እናቴንም ጨመረ። ገመዱን መሳብ ጀመርኩ።
«ቆይ!»
ቆምኩ። የውሃ ጠብታ ይሰማል።
«ባርካ።» ድምፁ ቀጥኗል። «በቀኝ በኩል ስንጥቅ አለ። ትናንትም አይቼው ነበር።»
«ጣትህ ይገባበታል?»
ገመዱ ወደ ቀኝ ተሳበ።
«እጄም ይገባል።»