የሾላ ምንጭ ሚካኤል ሰው ብዛት

እሑድ፣ ሜይ 4

ናሆም፣ ስልክህ ዛሬም ጮኸ። እሑድ ነው፣ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። የአባታችን አባት አባባ፣ አገር ቤት ከቅዳሴ ሲወጡ። እማዬ ስልኩን እያየች ሶፋው ላይ ደርቃ ቀረች። የእማዬ ወንድም ጋሼ ተስፋዬ አንሳውና አንድ ነገር በል አለኝ፣ በዓይኑ።

አነሳሁ። ናሆም ሥራ ላይ ነው አልኳቸው። ከሞትክ አምስት ሳምንት ሊሞላህ ነው። አስምህ ካልጋህ ላይ ወሰደህ፣ እኔ ደግሞ ሥራ አስገባሁህ።

ደስ ብሏቸዋል። የጠየቅካቸውን አግኝተዋል። የደብራቸው የሾላ ምንጭ ምንጮች ሦስት ናቸው፣ አንዱ በጋ ላይ ይደርቃል። ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ዞረው አይተዋል። ጻፍለት፣ እንዳትረሳ አሉኝ። ደብተርህ ላይ ጻፍኩ። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6። ከት/ቤት መልስ

ባስ ላይ መጽሐፍህን አነበብኩ። ያን ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ የገዛኸውን፣ ጀርባው የተገነጠለ የእንግሊዝ መንደሮች መዝገብ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው። ደብሩ ሁሉ በፊደል ተራ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ቤ/ክርስቲያኑን ማን ሠራው፣ ስንት ነፍስ ይኖርበታል። ዛሬ ለንደን ውስጥ ያለችው ባተርሲ እንኳ ጎመን የሚበቅልባት መንደር ነበረች። ስቀህ ስቀህ፣ የነሱ ጎመን ተመዝግቦ የአባባን ደብር ማን መዘገበው አልክ። ደብተር ገዝተህ ጀመርክ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሕግህን ጽፈሃል፦ ያልተረጋገጠ አይጻፍም።

ማታ ጋሼን ጠየቅኩት። ለአባባ መቼ ነው የሚነገራቸው? ኦገስት አለ፣ ከሥራ እረፍት ሲያገኝ። ራሱ ሄዶ ያረዳቸዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ደም ግፊትም አለባቸው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ኦገስት! እስከዚያ በየሳምንቱ ልዋሽ? አልዋሽም አልኩት።

"አንተ ገና ሱሪህን በቅጡ ሳትታጠቅ መርዶ ነጋሪ መሆን አማረህ?" አለኝ ጋሼ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሳቀች። ብቻችንን እንዳንሆን ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ጥሩ ሴት ናት። ቢሆንም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

አባባ ደወሉ፣ በሥራ ቀን! ቆጥረው ጨርሰዋል። የደብሩን ሰው፣ ቤት ለቤት። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ አምሃ አግዘዋቸዋል። ቤቱን አንድ ባንድ ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። የራሳቸው መጨረሻ ነው። እሳቸው፣ አንድ። ቀጥለው፦

"ለንደን ያሉት ሁለት። ናሆምና አንተ። ብትርቁም የደብሩ ልጆች ናችሁ። ጻፍ።"

እጄ ቆመ።

"ጻፍክ?"

ድምፁ ይቆራረጣል አባባ፣ አልኩና ዘጋሁት።

መስመሩ ባዶ ነው። ሁለት ብዬ አልጽፍም። ጋሼ መጥቶ ቢያስገድደኝም አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

አርባህ ወጣ። አዳራሹ ሞላ። ቄሱ ስምህን ጠሩ፣ ሰዉ ነፍስ ይማር አለ። ግማሹ አይቶህ አያውቅም። ሳህን ይዤ ቆሜ ሳስብ፣ በገዛ ደብርህ ገና አልሞትክም። ፍትሐት የለህ፣ ያለቀሰልህ የለ። ከዚህ ሁሉ ሰው በፊት ማልቀስ የሚገባቸው አባባ ምንጭ ይቆጥሩልሃል። ለሳቸው አስበን ነው ይላሉ እነ ጋሼ። ስልኩን የማነሳው ግን እኔ ነኝ።

እማዬን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት፣ ለአባባ ይነገራቸው አልኳት። አጎትህ ያውቃል አለች። አንቺስ? ድስቱን ማሸት ቀጠለች። ፊቷን ሳታዞር፣ እኔ አፌ አይችልም አለች። አትንገር አላለችም። ናሆም፣ አላለችም።

እትዬ ዘነበች ፍራሿን ጠቀለለች። "በል እንግዲህ ጎረምሳው፣ ማንኮራፋቴ ይናፍቅሃል!"

እሑድ፣ ሜይ 11። ጠዋት

እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች። ለፈተና አጠናለሁ ብዬ ቀረሁ። ከሞትክ ወዲህ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያ ጠዋት። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም።

አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። እዚያ ሦስት ሰዓት ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። ለአባባ አይደለም፣ ለቄስ አምሃ። ቁጥራቸውን ደብተርህ ላይ ጽፈኸዋል። በአክብሮት ለመናገር ሦስቴ ተለማምጄ ነበር። ሲያነሱት ግን፣ የናሆም ታናሽ ነኝ፣ ወንድሜ ሞቷል፣ ይኸው ብቻ ወጣኝ።

መቼ? አሉ። ነገርኳቸው።

"አርባው ወጥቷል? እኛ ሳንሰማ?"

ተቆጡ። አዎ አባ፣ ነውር ነው፣ ለዚህ ነው የደወልኩት። አባባን ብቻቸውን እንዳይነግሯቸው፣ ሰው ይሰብስቡ አልኳቸው። አጎትህ ያውቃል? አያውቅም። ይቆጣሃል ልጄ። ይቆጣ።

ስልኩን አልዘጋሁም፣ እሳቸውም አልዘጉትም። የእግር ኮቴ። ሰው ሰውን ሲጠራ። ከዚያ አባባ፣ ምነው ሁላችሁ ወደኔ መጣችሁ ሲሉ። ቄስ አምሃ ይቀመጡ አሏቸው።

ከዚያ ለቅሶው፣ ደብሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ተቀምጬ ልሰማው አልቻልኩም። ኩሽናው መሀል ቆሜ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ብዙ ቆየሁ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። አባባ ያዙት። ስሜን ጠሩ።

አቤት፣ አልኩ።